የበረደው ኤሊ

ውድ እትዬ፣

«እንደምን ከረምሽ» ብዬ ለመጀመር ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ከተለያየን ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖን እንደምን ከረምሽ አይባልም። ስለዚህ ጤናሽን ሳልጠይቅ እገባለሁ። ጤናሽን መጠየቅ የነበረብኝ ያኔ ነው። ደብዳቤውም ስለዚያ ነው።

ይህን የምታነብልሽ ልጅሽ እንደሆነች አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት «እማዬ ስልክ አትወድም አጎቴ፤ ከጻፍክ ግን አነብላታለሁ» አለችኝ። ወረቀት እጅሽ ላይ አልረጋ ማለቱንም የነገረችኝ እሷ ናት። አሁን የምጽፈው ሁሉ በእሷ ድምፅ ይሰማኛል፤ ስትለዩኝ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበረች ደግሞ በስድስት ዓመት ድምፅ ነው የሚሰማኝ። አንቺ ልጄ፣ እኔን የሚያሳፍር ቦታ ላይ ስትደርሺ አትዝለዪ። ድምፅሽንም አታለዝቢልኝ። እንደተጻፈ አንብቢላት።

እትዬ፣ አንቺ የምታውቂውን ነገር ስደጋግም ታገሺኝ። ለእሷ ብዬ ነው። ለእሷ ብቻም አይደለም፤ ለራሴ በቅደም ተከተል ነግሬው አላውቅም።

ክፍላችን ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ፣ ፎቅ ላይ ነበር። መስኮቱ የሚያየው ግድግዳና የውኃ ቱቦ ብቻ ነው። አንቺ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል፤ መካከላችን የቀለም ጠርሙሱ እንዳይደፋ የቆመበት የዓሣ ቆርቆሮ። «የኤሊ ፖስታ» የተባለው የልጆች የሥዕል መጽሔታችን በየወሩ አሥራ ሁለት ገጽ ሆኖ ከዚያ ክፍል ይወጣ ነበር። አንቺ ትስያለሽ፤ እኔ ንግግር የሚጻፍባቸውን ክቦች፣ ፊኛ የምንላቸውን፣ በእጄ እሞላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። አንቺ የፈጠርሻቸው እንስሳት የሚናገሩት በእኔ ፊደል ነበር።

አቶ ኤሊ ፖስተኛ፤ የሠርግ ጥሪ ካርድ ይዞ የሙሽሮቹ ልጅ ክርስትና ላይ የሚደርስ። ወይዘሮ ፍየል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ፋይል በጠፋ ቁጥር የቢሮው ሰው ሁሉ ሆዷን የሚያየው። ዶክተር ጅብ የጥርስ ሐኪም፤ «አፍዎን ይክፈቱ» ሲል በሽተኛው «መጀመሪያ እርስዎ ይዝጉ» የሚለው። አንቺ ለወይዘሮ ፍየል ረጅም ንግግር ትሰጪያት ነበር፤ እኔ ፊኛው አይበቃም እላለሁ፤ አንቺ ቀና ሳትዪ «ፊደሉን እንደራስህ ቀጭን አድርገዋ፣ ጭራሮ» ትዪኝ ነበር። ጭራሮ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ካጣሁ ቆየሁ። አሁን ሆድም አውጥቻለሁ።

አሠራራችን ላይ ሁለት ነገር ነበር። ያጠፋሁት በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ገብቼ ነው።

አንደኛው፣ አንቺ የሠራሽውን ዋና ሥዕል ተመልሰሽ አታዪም። ጠዋት ትስያለሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ጠረጴዛው ላይ ትተሽልኝ ልጅሽን ከትምህርት ቤት ልታመጪ ትወጫለሽ። ከሰዓት በኋላ እኔ ፊደሉን እጽፋለሁ። በማግስቱ ፎቶ አንሺው ወስዶ ለማተሚያው ያዘጋጀዋል፤ ከዚያ ቁም ሣጥን ይገባል። «ተመልሼ ካየሁት እንደገና መሥራት ያምረኛል» ትዪ ነበር። የምታዪው የታተመውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ የምትስዪው በትልቁ ነው። ከታተመው እጥፍ በሆነ ወረቀት ላይ። ሲታተም ያንሳል፤ ሲያንስ ጥቃቅን ጉድለት ይዋጣል። ይህን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሁሉም ይመካበታል።

ሠላሳ ሁለተኛው ቁጥር ላይ አቶ ኤሊ በረደው።

ወሩ ሙቀት ነበር። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት በረቂቁ ላይ ጎንበስ ብሎ «በዚህ ሐሩር የምን ብርድ ነው?» ሲልሽ «ኤሊ ደሙ ቀዝቃዛ ነው» አልሽው፤ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን ወደ ራሴ ሳብኩ። የቀፎው ጠርዝ እንደተነከሰ ዳቦ ሆኖ ነበር። የፖስታ ቦርሳው ማንገቻ ይንቀጠቀጣል። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ከሳምንት በፊት ለብቻዬ ይዞኝ «የእህትህ መስመር ላልቷል ልበል?» ብሎኝ ነበር፤ ሌላ ሰዓሊ እንደሚያፈላልግም ሰምቻለሁ። ፈራሁልሽ። ይህ እውነት ነው።

ነጩን ቀለም አውጥቼ የተንቀጠቀጠውን ሸፈንኩ። በላዩ ላይ በብረት ብዕሬ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ፊደል የሚጽፍ እጅ አይንቀጠቀጥም።

አንድ እውነት ግን ይቀራል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያላልኩት እሱን ነው። ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን በፊት እጄ እንስሳ ነክቶ አያውቅም ነበር። የአቶ ኤሊን ጀርባ ከአንገቱ እስከ ጭራው በአንድ ትንፋሽ ሳሰምረው በሕይወቴ እንደዚያ የረካሁበት ሰዓት ትዝ አይለኝም። ስለፈራሁልሽ ጀመርኩት። የቀጠልኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው።

ቁጥሩ ታትሞ ሲመጣ ቆመሽ ገለጥሽው። ጣትሽን በቀፎው ጠርዝ ላይ አስኬድሽ። እኔ ብዕር የምጠርግ መስዬ ነበር። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦

«ጭራሮ፣ በትልቁ ስስለው ተንቀጥቅጦብኝ ነበር። ሲያንስ ግን ጠፋ። ይህችን ያህል ትንሽ ነገር ናት ማለት ነው።»

ለሐኪም ቤት የቀጠሮ ወረቀት ነበረሽ። በዚያው ሳምንት ነበር ቀኑ። አጣጥፈሽ ከጠረጴዛው እግር ሥር ከተትሽው፤ ጠረጴዛው ይወዛወዝ ነበርና። እኔ ጎንበስ ብዬ ላወጣው እችል ነበር። ክንድ አይሞላም ርቀቱ። ጎንበስ አላልኩም።

እናታችን ሻይዋን በሁለት እጇ መያዝ የጀመረችበትን ቀን አብረን አይተናል። ከዚያ በማንኪያ፣ ከዚያ በሌላ ሰው እጅ መጠጣት እንደጀመረች አብረን አይተናል። ስለዚህ ምን እንደሆነ አላወቅኩም ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም። ያወቅሁበትን ሰዓት ግን ማግኘት አቃተኝ። ፈልጌዋለሁ። የማወቂያው ሰዓት የለም። ዝም ብዬ በየወሩ ነጩን ቀለም ከበፊቱ ትንሽ በለጥ አድርጌ እገዛ ነበር።

አሥራ አንድ ቁጥር። መቶ ሠላሳ ሁለት ገጽ። በመጨረሻዎቹ ላይ ከአንቺ መስመር ይልቅ የእኔ ይበዛ ነበር። አንቺ እየደፈርሽ ሄድሽ፤ ብዙ ሕዝብ ያለበት ገበያ፣ ዝናብ፣ ሃምሳ ጉንዳን ተሰልፎ ባንክ ቤት። ያነሰ ነገር ሁሉ ይጠፋል ብለሽ አምነሽ ነበራ። የቤት ሥራ እንደሚሠሩለት ልጅ አደረግኩሽ።

ከዚያ አንድ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ልጆቹ ፊት እንድትስዪ ጠራሽ።

አንቺ ልጄ፣ ያን ቀን አንቺም ነበርሽ፤ ከፊት፣ ቢጫ ሹራብ ለብሰሽ። ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም። አርባ የሚሆኑ ልጆች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። እናትሽን ከሚያህል ሰሌዳ ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ተወጥሯል። እኔ ከኋላ የእንጨት ወንበር ላይ ነበርኩ። ልጆቹ አቶ ኤሊን ሳይልን አሉ። እትዬ፣ አንቺም በትልቁ ማርከር ቀፎውን ጀመርሽ።

ያ ወረቀት የትም ሄዶ አያንስም ነበር።

የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ «ለምንድነው የሚንቀጠቀጠው?» አለች። ፊትሽን ሳትመልሺ «በርዶታል» አልሻት። «ታዲያ ሹራብ ይልበሳ» አለች። ሹራብ ሳልሽለት። ሹራቡም ተንቀጠቀጠ። ከጥግ አንዱ «ሹራቡም በርዶታል» ሲል ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ተንከባለሉ። ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፤ ያሉሽን ሁሉ ሳልሽላቸው፤ ሁሉም ተንቀጠቀጠ፤ በሳቅ ሞቱ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሳስብ ያዋረዱሽ አድርጌ ነበር የማስበው። አላዋረዱሽም። እንደዚያ ሲያጨበጭቡልሽ አይቼ አላውቅም።

ማርከሩን ከድነሽ ዞርሽ። በአርባ ራስ ላይ አሻግረሽ እኔን ፈለግሽ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ «ስንት ገጽ ነው?» አልሽኝ።

«አልፎ አልፎ ነው» አልኩሽ።

ልጅሽን ለጎማ ጠጋኙ ሚስት ሰጥተሽ ወደ ክፍላችን ወጣሽ። ቁም ሣጥኑን ከፈትሽ። በዚያ ሁሉ ዓመት የራስሽን ዋና ሥዕል ስታወጪ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አንዱን ወረቀት መስኮቱ ላይ ለጠፍሽው። ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነጭ ቀለም ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ይህን አላወቅኩም ነበር። አቶ ኤሊ ዙሪያውን ጥላሸት የተቀባ መሰለ። ቀጣዩን ለጠፍሽ። ቀጣዩን። ትቆጪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ።

«የእናታችንን አይተሃል» አልሽኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ላስደስትሽ ብዬ ነው አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ከአፌ መልሼ መዋጥ ብችል ቀሪ ዕድሜዬን እሰጥ ነበር።

«ደስ ብሎኝ አልነበረም» አልሽ። «ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድሽ፤ ብቻሽን። ሐኪሙ ዓመት ቀደም ብትዪ ኖሮ በመድኃኒት ጥቂት ዓመት እንይዘው ነበር እንዳለሽ የሰማሁት ከማተሚያ ቤቱ ባለቤት ነው እንጂ ከአንቺ አይደለም። ጥቂት ዓመት። ስንት ነው ጥቂት? ሦስት? ሰባት? ይህን ቁጥር ሐኪሙ ራሱ አያውቀውም ይሆናል፤ እኔ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ እደምረዋለሁ። በወሩ መጨረሻ ባልሽ ሥራ ወደተቀየረበት ከተማ ሄዳችሁ። እኔ ጣቢያው ድረስ አልመጣሁም። መጥቼ ነበር፤ ከመንገድ ማዶ ቆምኩ።

አሁን የማታውቂው ይጀምራል።

ስትሄጂ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት «አንተው ሳለው» አለኝ። «መስመሩ ያንተ ከሆነ ቆይቷል፤ ማን ያውቃል?» ብዙ አልለመነኝም። ሦስት ቁጥር ሳልኩ። ሽፋኑ ላይ ስምሽ አለ። ፍየሏ ፍየል ትመስላለች፤ ጅቡ ጅብ ይመስላል፤ ኤሊውም ኤሊ ነው። አንዳቸውም አያስቁም። ፊኛዎቹን ስሞላ የምጽፈው አጣሁ። አንድ ገጽ ላይ አቶ ኤሊ «ዛሬ ደብዳቤ የለም» ብሎ ብቻ ያልፋል። በአራተኛው ወር መጽሔቱ ቆመ። ጎማ ጠጋኙ ክፍላችንን ለመጋዘን ተከራየው፤ እኔ ቁም ሣጥኑን እንዳለ ቤቴ አስጫንኩና ታፔላ ጸሐፊ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት «ግፋ»፣ «ሳብ»፣ «ለምሳ ወጥቻለሁ» ነው። በሰው ስም ከመሳል ይሻላል።

ባለፈው ዓመት አንድ መነጽር ሠሪ የሱቁን ታፔላ እንዳድስለት ጠራኝ። መሰላል ላይ ሆኜ ስጽፍ ከታች ሆኖ አንጋጦ ቆየ። ስወርድ «ይህን ፊደል አውቀዋለሁ» አለኝ። «ኤሊው የሚናገርበት ፊደል ነው።» ከጓዳው ሳጥን አወጣ። ሁሉም ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ጢም ያለው ሰው ነው፤ ወይዘሮ ፍየልን ሲያስታውስ እንደ ልጅ ይንፈቀፈቃል። አንድ አሳታሚ አግኝቷል፤ ሁሉንም በአንድ ጥራዝ ማውጣት ይፈልጋሉ።

ከዚያ ሠላሳ ሁለተኛውን አነሳና «ይህን ልጠይቅህ» አለኝ። «ልጅ ሆኜ ከዚህ ጀምሮ ኤሊው የሞተ መስሎኝ ነበር። ደብተር ላይ እንደሚለጠፍ ነገር ሆነ። እናቴን ጠየቅኳት፤ ወረቀት ነው አይሞትም አለችኝ። ምን ሆኖ ነው?»

ዘጠኝ ዓመቱ ነበር ያኔ። ባለቤቱ ያላየውን፣ እኔ የኮራሁበትን፣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አይቶት እናቱን ጠይቋል። ደክሞኛል ብዬ ወጣሁ። ታፔላው ላይ «መነጽር» የሚለው ብቻ ተጽፎ፣ «ቤት» የሚለው ሳይጻፍ ሳምንት ቆየ።

ቁም ሣጥኑን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ምላጭና እርጥብ ጥጥ ይዤ ከሠላሳ ሁለተኛው ጀመርኩ። ነጩን ቀለም ስፍቀው ከሥሩ መስመርሽ ወጣ። ጉልበቱ ወጣ። ማንገቻው ወጣ። አጠገቡ ፊኛው አለ፤ በራሴ እጅ፣ በጣም በሚያምር ፊደል፣ «ዛሬስ በረደኝ» ይላል።

እትዬ፣ ይህን ፊደል የጻፍኩት እኔ ነኝ። መንቀጥቀጡን ያጠፋሁትም በዚያው ከሰዓት፣ በዚያው ብዕር ነው። እጅሽን እንደጀመረሽ አውቀሽ በሐሩር መካከል ብርድ ፈጥረሽለት ነበር። ሰበብ አይደለም፤ ጨዋታ ነበር፤ የምትኖሪበትን መንገድ እያበጀሽለት ነበር። ቀጥሎ ምን ታበጂለት ነበር? በኮረኮንች የሚሄድ መኪና? እርጅና? በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት ልጆች በአንድ ጊዜ ገባቸው። እኔ ከአንቺ ሁለት ክንድ ርቄ ተቀምጬ አቶ ኤሊ በረደኝ ሲል ቀጥ በል አልኩት።

አራት ወር ፋቅሁ። ሰባ አንድ ገጽ ተርፏል። አንዳንዱ ላይ ምላጩ ወረቀቱን ቀዶታል፤ ጠባሳው ይታያል። ስልሳ አንዱ አልሆነም። እዚያ ላይ ቀለሜ በቀለምሽ ላይ ቀጥታ አርፏል፤ ቢፋቅ ሁለቱም ይሄዳሉ። የትኛው መስመር የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። ይህ አይመለስም። ይቅርታ ብጠይቅሽ ለሰባ አንዱ ነው የምጠይቅሽ፤ ለስልሳ አንዱ ምን እንደሚባል አላውቅም።

የተፋቁትን ለመነጽር ሠሪው ወስጄ አሳየሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ከአንቺ በፊት ለእሱ መናገሬ ስህተት ይሆናል፤ ልምምድ ፈልጌ ነው። መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠጋ። መሳቅ ጀመረ፤ «በርዶታል እኮ» አለኝ። ከዚያ ዓይኑን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ።

አሳታሚው ንጹሑ ይሻላል ይላል፤ የታተመውን፤ ገዢ አይደናገርበትም አለኝ። እኔ አይሆንም ብያለሁ። የተፋቁት ገጾች ከነጠባሳቸው ይውጡ፤ የማይለዩት ስልሳ አንዱ የማን እንደሆኑ አይታወቅም ተብሎ ይጻፍባቸው፤ የእኔ ሦስት ቁጥሮች አይግቡ። መቅድሙ ላይ ያደረግኩት ይጻፍ፤ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ግን እትዬ፣ ይህንንም ብቻዬን ወስኜልሽ ቁጭ አልኩ። ደግሞ ስለ መስመርሽ እኔ እየወሰንኩ ነው። ይህን ስጽፍ ነው የታየኝ። ስለዚህ አሳታሚው ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አስቆምኩት። ንጹሑ ይሁን ካልሽ ንጹሑ ይሆናል። ምንም አይውጣ ካልሽ ወረቀቶቹ እንዳሉ ወደ አንቺ ይመጣሉ፤ አቃጥያቸው ካልሽም ልጅሽ ክብሪት አታጣም።

በየጠዋቱ ብርጭቆ ሙሉ ውኃ በአንድ እጄ አነሳለሁ። እስካሁን አልፈሰሰም። ይህን የምነግርሽ ደስ እንዲልሽ ይሁን እንዲቆጭሽ አላውቅም፤ ብትጠይቂኝ ግን መዋሸት አልፈልግም።

ፖስታው ውስጥ ሌላ አንድ ወረቀት አለ። ከላይ ሦስት መስመር ጽፌያለሁ፤ አንዱ ስለ ተፋቁት፣ አንዱ ስለ ንጹሑ፣ አንዱ ምንም አይውጣ የሚል። ከየጎኑ ሰፊ ባዶ ቦታ ትቻለሁ። ከመረጥሽው አጠገብ ምልክት አድርጊ። አንቺ ልጄ፣ እባክሽን አንቺ እንዳትፈርሚላት፤ እጇንም አትደግፊ። እትዬ፣ ራስሽ አድርጊው። ከቦታው ይውጣ፣ ወረቀቱን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይሂድ፣ ቀን ሙሉ ይፍጅ። እኔ እንደመጣ ለአሳታሚው እሰጠዋለሁ።

አልነካውም።

ታናሽ ወንድምሽ